ብሉዝ መጫወትና የብሉዝ ታላቅ መሆን

ጥያቄ፦ «ጊታር መጫወት ከጀመርኩ አምስት ዓመት ሆነኝ። ከጓደኞቼ ጋር በተገናኘን ቁጥር የሚያከራክረን አንድ ነገር አለ። እኔ ኤሪክ ክላፕተን፣ ጂሚ ሄንድሪክስ፣ ስቲቪ ሬይ ቮን፣ ጋሪ ሙር እና ጆ ቦናማሳ የብሉዝ ታላላቆች ናቸው ባይ ነኝ። አንዱ ጓደኛዬ ‹ብሉዝ የጥቁር አሜሪካውያን ነው፤ ከሚሲሲፒ ያልመጣ ሰው የብሉዝ ታላቅ ሊባል አይችልም› ብሎ ክርክሩን ይዘጋዋል። ሌላው ደግሞ ‹ቢ ቢ ኪንግ እኮ ኮርድ እንኳ አይጫወትም፤ የጋሪ ሙርን ሩብ ያህል ፍጥነት የለውም› ይላል። ከእነዚህ መካከል በእውነት የብሉዝ ታላቅ ሊባል የሚገባው ማን ነው? መለኪያውስ ምንድን ነው?»

መልስ፦

ወንድሜ፣ ሦስታችሁም በአንድ ጥያቄ የምትከራከሩ ይመስላችኋል እንጂ የያዛችሁት ጉዳይ የተለያየ ነው። አንተ የያዝከው ዝናን ነው፤ አንዱ ጓደኛህ ባለቤትነትን ይዟል፤ ሌላው የጣት ፍጥነትን። ይህን ሙዚቃ መጫወትና ማስተማር ከጀመርኩ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖኛልና ፍርዴን ሳልሸፋፍን ልንገርህ። ከአምስቱ ስሞችህ ስቲቪ ሬይ ቮንን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ። ክላፕተንን ለአንድ ዘመን ሥራው እቀበለዋለሁ። ሄንድሪክስን ከዝርዝሩ አወጣዋለሁ፤ የማወጣው ግን አሳንሼው አይደለም። ጋሪ ሙርንና ቦናማሳን አልቀበልም። በዝርዝርህ ውስጥ ጭራሽ ያልገቡ፣ እነሱ ባይኖሩ ግን ከአምስቱ አንዱም ዛሬ በምናውቀው መልኩ የማይኖር ሰዎች ደግሞ አሉ፤ ከሁሉም በላይ መናገር የምፈልገው ስለ እነሱ ነው።

መለኪያዬን ለማስረዳት ከዘፈኑ አወቃቀር ልነሳ። የተለመደው ብሉዝ 12 ባር (ባር ማለት አራት ምት ያለው የሙዚቃ ክፍል) ነው፤ አራት አራት ባር እየሆነ በሦስት ይከፈላል። ዘፋኙ አንድ ስንኝ ይላል፤ ያንኑ ይደግመዋል፤ በሦስተኛው ይቋጨዋል። ስንኙ ግን አራቱን ባር አይሞላም። ሁለት ባር ገደማ ሲሄድ ያልቅና የቀረው ክፍት ይሆናል። ያ ክፍት ቦታ የጊታሩ ነው። ዘፋኙ የተናገረውን ጊታሩ ይቀበለዋል፣ ያባብለዋል፣ ይሞግተዋል፤ አንዳንዴም ዘፋኙ አፍ አውጥቶ ያላለውን ይጨምርበታል። አዝማሪው ስንኙን ጥሎ ዝም ሲል ማሲንቆው እንዴት እንደሚቀበለው ታውቃለህ። ማሲንቆው ምን እንዳለ ለማወቅ አዝማሪው ምን እንዳለ መስማት አለብህ። ብሉዝ ላይም እንደዚያው ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ይህ ሰው ሲጫወት ለቃሉ እየመለሰ ነው ወይስ ቃሉ እስኪያልቅ እየጠበቀ?

ይህን እኔም በቀላሉ አላወቅኩትም። በሃያዎቹ ዕድሜዬ አንድ ሆቴል ውስጥ ማታ ማታ በሚጫወት ባንድ ውስጥ ነበርኩ። አንድ ቅዳሜ በኤ የሆነ ዝግተኛ ብሉዝ ስንጫወት የማውቀውን ሁሉ አፈሰስኩት። ዘፋኟ ትንፋሿን ስትስብ እኔ እገባለሁ፤ እሷ ስትመለስ እኔ ገና አልጨረስኩም። ሰዉ አጨበጨበ። በእረፍት ሰዓት የባንዱ ቤዝ ተጫዋች፣ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ሰው፣ ሻያቸውን እያማሰሉ «ሁለተኛው ቤት ላይ ምን አለች?» ብለው ጠየቁኝ። አላውቅም ነበር። ያንን ዘፈን ወር ሙሉ ስንጫወተው ቃሉን አንድም ቀን አልሰማሁትም። «ታዲያ ለማን ነበር የምትመልሰው?» አሉኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ በእውነት ማወቅ የፈለጉ ይመስል ነበር የጠየቁኝ። በማግስቱ ዘፋኟን ግጥሙን እንድትጽፍልኝ ለመንኳትና እያንዳንዱን ስንኝ በቃሌ ሳልይዝ ጊታሬን ከከረጢቱ አላወጣሁም። ከዚያ ወዲህ ጊታሪስትን የምሰማበት ጆሮ ተለወጠ።

ብዙ ቆይቶ የሂውበርት ሰምሊንን ታሪክ ስሰማ ልቤ የተነካው ለዚህ ነው። ሰምሊን በ1931 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) ሚሲሲፒ ውስጥ ግሪንውድ የተወለደ፣ በቺካጎ የሃውሊን ዉልፍ ጊታሪስት የነበረ ሰው ነው። ዉልፍ ግዙፍ ነው፤ ድምፁ ደረትን የሚያንቀጠቅጥ ዘፋኝ ነው። ወጣቱ ሰምሊን በድምፁ ላይ እየተጫወተ ስላስቸገረው ወደ ቤቱ ሰደደው፤ ፒኩን (የክር መምቻውን) አስቀምጥና በጣትህ መጫወት ተማር ብሎ። ሰምሊን ራሱ ደጋግሞ የተረከው ነው። ተማረም። ከዚያ በኋላ በ1964 የወጣውን «ኪሊንግ ፍሎር» ብትሰማ ጊታሩ አንዲት አጭር ሐረግ ይዞ ዉልፍን ከሥር ከሥር ይነካካዋል እንጂ አንድም ጊዜ አይደርብበትም። ሐረጓ ከዘፈኑ ጋር ተሰፍታለች፤ ብታወጣት ዘፈኑ ይፈርሳል። ሄንድሪክስ በ1967 በሞንትሬይ የሙዚቃ ፌስቲቫል ላይ ራሱን ለአሜሪካ ሲያስተዋውቅ የከፈተው በዚህ ዘፈን ነበር። ሰምሊን በ2011 ሲሞት የቀብሩን ወጪ የሸፈኑት የሮሊንግ ስቶንሶቹ ሚክ ጃገርና ኪዝ ሪቻርድስ ናቸው፤ የማን ዕዳ እንዳለባቸው ያውቁ ነበር። የጊታር ወዳጆችን የብሉዝ ታላላቆችን ቁጠሩ ብትላቸው ግን ብዙዎቹ ሰምሊንን አይጠሩትም። ረጅም ሶሎ ስለሌለው ነው።

አሁን ወደ ቢ ቢ ኪንግ ልምጣ። ጓደኛህ ኮርድ (ብዙ ድምፅ በአንድ ጊዜ) አይጫወትም ያለው ልክ ነው፤ ኪንግ ራሱም በኮርድ ጎበዝ እንዳልሆነ በግልጽ ይናገር ነበር። እየዘፈነም ጊታር አይጫወትም ነበር፤ ሲዘፍን እጁ ያርፋል፣ ሲጫወት አፉ ይዘጋል። ጓደኛህ እንደ ጉድለት የቆጠረው ይህ ነገር ለእኔ የሥራው ሁሉ ምሰሶ ነው። አንድ ሰው ሁለት አንደበት አለውና በየተራ ይናገርባቸዋል። የእናቱ ዘመድ ቡካ ዋይት በስላይድ (ክሩ ላይ በሚንሸራተት ቱቦ) የሚያወጣው የሚያለቅስ ድምፅ ይማርከው ነበር፤ ስላይዱ ግን ለእሱ እጅ አልገራ አለው። በጣቱ ሊመስለው ሲሞክር ያ ታዋቂ ቪብራቶ (የድምፅ መርገብገብ) ተወለደ፦ አውራ ጣቱን ከጊታሩ አንገት ያላቅቅና በሌባ ጣቱ ጫፍ ላይ ብቻ ተንጠልጥሎ መዳፉን እንደ ቢራቢሮ ክንፍ ያርገበግበዋል።

ጊታርህን አንሳና አብረን እንሞክረው። ሁለተኛው ክር፣ አሥረኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ ያለው መከፋፈያ)፤ ይህ ኤ ነው። ሌባ ጣትህን እዚያ አሳርፍ። በቀለበት ጣትህ አሥራ ሁለተኛውን ፍሬት ያዝ፤ ይህ ቢ ነው። አሁን ቢን ወደ ላይ ግፋው። ግማሽ ድምፅ ስትገፋው ሲ ትደርሳለህ፤ ሙሉ ድምፅ ስትገፋው ሲ ሻርፕ ትደርሳለህ። ሲ ማይነር ነው፣ ያዘነ፤ ሲ ሻርፕ ሜጀር ነው፣ ብሩህ። ብሉዝ የሚኖረው ከሁለቱ መሃል ነው። ፒያኖ ላይ ያቺ ድምፅ የለችም፤ ፍሬቱም ላይ የለችም። ማሲንቆ ፍሬት ስለሌለው ድምፁ ጣት ያረፈበት ሁሉ ነው፤ የጊታር ተጫዋች ግን ያቺን ድምፅ በኃይልና በጆሮ ፈልጎ ማግኘት አለበት። ኮርዱም ይለውጣታል። ከሥርህ ኤ ሰባት የሚባለው ኮርድ ሲኖር ወደ ሲ ሻርፕ ጠጋ ታደርጋታለህ፤ ዲ ሰባት ሲመጣ ሲ የኮርዱ አካል ነውና ወደ ሲ ትመልሳታለህ። ኪንግ እዚያችው አራት ጣት በማትሞላ ቦታ ላይ፣ ከጎኗ የሦስተኛውን ክር አሥራ አንደኛ ፍሬትና የመጀመሪያውን ክር አሥረኛ ፍሬት ጨምሮ፣ ሙሉ ምሽት ሰው ሲያስለቅስ ያመሽ ነበር። በኅዳር 1964 በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ቺካጎ ሬጋል ቲያትር የተቀረጸውን አልበሙን ስማ። አንዲት ድምፅ ገፍቶ ሲይዛት ሴቶቹ ይጮኻሉ። የሚጮኹት ለፍጥነት አይደለም፤ የሚያውቁትን ነገር ሰምተው ነው።

እዚህ ላይ ከእኛ ቅኝት ጋር ያለውን ዝምድና ላንሳ፤ ተማሪዎቼ ሁሌ ይጠይቁኛልና። ባቲ ማይነር የምንለውን ከኤ ጀምረህ ብትደረድረው ኤ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ ይሰጥሃል። የብሉዝ ተማሪ መጀመሪያ የሚማራት አምስት ድምፅ ያለችው ስኬልም እነዚሁ ናቸው። ስለዚህ የእኛ ልጆች ጣታቸው ቶሎ ይገባል። ችግሩም ያው ነው፦ አምስቱን ድምፆች ስላወቁ ብሉዝ የተጫወቱ ይመስላቸዋል። ባቲ ውስጥ ሲ ሲ ናት፤ ቦታዋን አትለቅም። ብሉዝ ውስጥ ሲ መንገደኛ ናት። ከሥሯ ያለው ኮርድ ሲ ሻርፕ ይዞ እየጠበቃት እሷ ሳትደርስ ትቀራለች፤ ሕመሙ ያለው እዚያ ነው። ትዝታን «የኢትዮጵያ ብሉዝ» የሚሉትንም የምረዳቸው በስሜቱ ብቻ ነው። በአወቃቀር ሁለቱ አይገናኙም። ትዝታ 12 ባሩም ሦስቱ ኮርድም የለውም፤ በሌላ ስም ሳይጠራ የራሱ ስም ይበቃዋል።

ሁለተኛው መለኪያዬ አጭር ነው፦ ከእሱ በኋላ የመጡት በእሱ ቃል ይናገራሉ ወይ? አልበርት ኪንግን ውሰድ። ቁመቱ ከሁሉም በላይ የሚታይ፣ ግራኝ ሰው ነበር። የቀኝ እጅ ጊታር ገልብጦ ይይዛል፤ ክሮቹን ግን ቦታቸውን አይቀይራቸውም። ስለዚህ ቀጭኑ ክር ከላይ ይሆንና እኛ ወደ ላይ የምንገፋውን እሱ ወደ ታች፣ በሙሉ ክንዱ ክብደት ይጎትተዋል። የሚያወጣው ድምፅ እንደ ሰው ጩኸት ይሰነጠቃል። በ1967 ሜምፊስ ውስጥ ስታክስ የተባለው የሸክላ ኩባንያ «ቦርን አንደር ኤ ባድ ሳይን» የተባለውን አልበሙን አወጣ። በዚያው ዓመት ክላፕተን ከባንዱ ከክሪም ጋር «ስትሬንጅ ብሩ» ላይ የተጫወተው ሶሎ የአልበርት ኪንግ ንግግር ነው። በ1983 ዴቪድ ቦዊ «ሌትስ ዳንስ» ሲል መላው ዓለም የጨፈረበት ዘፈን መጨረሻ ላይ ስቲቪ ሬይ ቮን የሚጫወተውም የአልበርት ኪንግ ንግግር ነው። ስሙን ሰምተው የማያውቁ ሚሊዮን ሰዎች አረፍተ ነገሩን ያዜማሉ። ታላቅ ማለት ለእኔ ይህ ነው።

በዚህ መለኪያ ከተጓዝን ዝርዝሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ቲ ቦን ዎከር ቴክሳስ ውስጥ ልጅ ሳለ የዓይነ ስውሩን ብሉዝ ዘፋኝ የብላይንድ ሌመን ጄፈርሰንን እጅ ይዞ በዳላስ መንገዶች ይመራ ነበር። አድጎ በ1947 «ስቶርሚ መንደይ»ን ሲያወጣ ቢ ቢ ኪንግ ሰማውና ኤሌክትሪክ ጊታር ካልገዛሁ አለ። ዛሬ ኤሌክትሪክ ጊታር ላይ አንድ ክር ነጥሎ የሚዘፍን ሁሉ የቲ ቦን ልጅ ነው። ሜምፊስ ሚኒ አለች። ባሏ ካንሳስ ጆ በ1929 ስለ 1927ቱ የሚሲሲፒ ጎርፍ ሲዘፍን በጊታር ያጀበችው፣ ወንዶቹ በበዙበት መድረክ ላይ ጊታሯን ይዛ ስትወጣ ማንም የማያልፋት ሴት ነበረች። ስለ ታላላቆች በሚደረግ ክርክር ስሟ ሳይነሳ ሲቀር በእውነት ያናድደኛል። ኦቲስ ረሽ አለ፤ እሱም ግራኝ፣ እሱም ክሮቹን ሳይገለብጥ የሚጫወት። በ1950ዎቹ መጨረሻ ኮብራ በምትባል ትንሽ የቺካጎ ኩባንያ የቀረጻቸው ጥቂት ዘፈኖች እንግሊዞቹን አሳበዱ። ክላፕተን ከእንግሊዛዊው የባንድ መሪ ከጆን ሜየል ጋር የሠራው የ1966 አልበም የሚከፈተው በኦቲስ ረሽ «ኦል ዩር ላቭ» ነው፤ የሮክ ባንዱ ሌድ ዜፐሊንም በመጀመሪያ አልበማቸው ላይ ኦቲስ ረሽ መጀመሪያ የቀረጸውን «አይ ካንት ኩዊት ዩ ቤቢ»ን ተጫውተዋል።

ስለ ሚሲሲፒው ዘፋኝና ጊታሪስት ስለ ሮበርት ጆንሰን አንድ ነገር ብቻ ልበል፤ ነፍሱን በመስቀለኛ መንገድ ላይ ለሰይጣን ሸጠ ስለሚባለው በቂ ተወርቷል። ዝና መለኪያ የማይሆነው በእሱ ምክንያት ነው። 29 ዘፈን ቀርጾ በ1938 በ27 ዓመቱ ሲሞት ከዴልታ (ከሚሲሲፒው የጥጥ አገር) ውጭ እምብዛም የሚያውቀው አልነበረም። ሥራው በ1961 በአልበም ታትሞ እስኪወጣ ድረስ ከሃያ ዓመት በላይ ተኝቶ ከረመ። በ1950 እናንተ ሦስታችሁ ብትከራከሩ ኖሮ ስሙን ማንም አያነሳውም ነበር።

ወደ ሌላው ጓደኛህ፣ «የጥቁር አሜሪካውያን ነው» ወዳለው ልምጣ። የተናገረው ነገር እውነት አለውና በፍጥነት አትለፈው። ብሉዝን የፈጠሩት የባሪያ ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው፤ ነጻ ወጡ ተብለው ጭሰኛ የሆኑ፣ የጥጥ መሬት እያረሱ በዓመቱ መጨረሻ ሒሳብ ሲተሳሰቡ ዕዳ ብቻ የሚተርፋቸው። በኋላ የቺካጎ ብሉዝ አውራ የሆነው ማዲ ዋተርስ በ1941 የሕዝብ ዘፈን ሰብሳቢው አለን ሎማክስ መቅረጫ ይዞ ሲመጣ ክላርክስዴል አጠገብ ባለው የስቶቫል እርሻ ላይ ይሠራ ነበር። የራሱን ድምፅ ሰምቶ ዘፋኝ መሆኑን አመነና በ1943 ወደ ቺካጎ ሄደ። በዚህ ሙዚቃ ሌሎች ሲከብሩ ፈጣሪዎቹ ብዙ ጊዜ ባዶ እጃቸውን ቀርተዋል። የማዲንና የዉልፍን ትልልቅ ዘፈኖች የጻፈው ዊሊ ዲክሰን «ሆል ሎታ ላቭ» ከእኔ የተወሰደ ነው ብሎ ሌድ ዜፐሊንን በ1985 ከሰሰ፤ በ1987 በስምምነት አለቀ። ስሙ ከደራሲዎቹ ተርታ የገባው ዘፈኑ ዓለምን ከዞረ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ስለዚህ ስለ ብሉዝ ታላቅነት ሲወራ መጀመሪያ እነዚህ ሰዎች ይጠሩ የሚለው ጥያቄ የፍትሕ ጥያቄ ነው፤ እኔም አብሬው እቆማለሁ።

«ከሚሲሲፒ ካልመጣ» የሚለው ግን አይሄድም። ቲ ቦን ዎከርና ፍሬዲ ኪንግ ቴክሳስ ናቸው፤ በዲ ጋይ ከሉዊዚያና ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ባለቤቶቹ ራሳቸው በሩን እንዲህ አልዘጉትም። ማዲ ዋተርስ ባንዱ ውስጥ ጊታሩን ለነጩ ለቦብ ማርጎሊን ሰጥቶ ዓመታት አብረው ሠርተዋል። ማዲ የሚጠይቀው ሰውየው ይሰማል ወይ የሚለውን ነበር።

ስቲቪ ሬይ ቮን የሚቆመው እዚህ ላይ ነው። የዳላስ ልጅ ነው፤ ከእንግሊዞቹ በተለየ ብሉዝን የተማረው ከሸክላ ብቻ አይደለም። ኦስቲን ውስጥ አንቶንስ የሚባል የብሉዝ ቤት ነበር፤ አልበርት ኪንግ እዚያ ሲመጣ ይህን ቀጭን ልጅ መድረክ ላይ አውጥቶታል። በታኅሣሥ 1983 ካናዳ ሃሚልተን ውስጥ ሁለቱን ለቴሌቪዥን አብረው እንዲጫወቱ ሲጋብዟቸው ኪንግ ስቲቪ ሬይ ቮን የሚለው ስም አልገባውም ነበር፤ ያ ልጅ መሆኑን ሲያውቅ ነው ደስ ያለው። ያንን ቀረጻ እያየህ ቮን ምን እንደሚያደርግ አስተውል። በዚያን ጊዜ እሱ ዝነኛ ሆኗል፤ ግን ሽማግሌው ሲጫወት ዝም ይላል፣ ያዳምጣል፣ ከዚያ ሲፈቀድለት የሽማግሌውን ቃል ተቀብሎ በራሱ ጉልበት ይመልስለታል። 13 ቁጥር የሚባለውን ወፍራም ክር ግማሽ ድምፅ አውርዶ ቃኝቶ ነበር የሚጫወተው። «ቴክሳስ ፍለድ» የላሪ ዴቪስ የ1958 ዘፈን ነው፤ የመጀመሪያውን ቀረጻ ጊታር የተጫወተው ፌንተን ሮቢንሰን ነበር። ሁለቱን አከታትለህ ስማቸው፤ ቮን ቀድቶ አልቀረም፤ ጨምሮበታል። በ1990 በሄሊኮፕተር አደጋ በ35 ዓመቱ ከሞተ ወዲህ ያልኮረጀው የቴክሳስ ጊታሪስት የለም። ሁለቱንም መለኪያ ያልፋል።

ክላፕተንን በተመለከተ ሰው ሁሉ ሙሉ ሕይወቱን ስለሚመዝን ይሳሳታል። በ1965 የባንዱ ጓደኞቹ ያርድበርድስ ወደ ፖፕ ሲዞሩ፣ ገንዘቡም ዝናውም ሊመጣ ሲል፣ ብሉዝ መጫወት እፈልጋለሁ ብሎ ጥሏቸው ወጣ። በ1966 ከሜየል ጋር ሲቀረጽ 21 ዓመቱ ነበር። ሌስ ፖል ጊታሩን በማርሻል አምፕ (ድምፅ ማጉያ) መድረክ ላይ በሚጫወትበት ጩኸት ከፍቶ ቅነሳ አልቀበልም አለ። ያ ድምፅ ከዚያ በኋላ የመጣውን ሮክ ሁሉ ወለደ፤ ግን በዚያ አልበም ውስጥ ያለው ንግግር የፍሬዲ ኪንግና የኦቲስ ረሽ ነው፤ እሱም በግልጽ ይናገረዋል። ለዚያ ዘመን ሥራው፣ ለ1994ቱ «ፍሮም ዘ ክሬድል»ም፣ ቦታ እሰጠዋለሁ። የቀረው ሥራው ጥሩ ሙዚቃ ሊሆን ይችላል፤ ክርክራችን ውስጥ ግን አይገባም። ከእንግሊዞቹ ለእኔ የሚበልጠው በዝርዝርህ የሌለው ፒተር ግሪን ነው። በሜየል ባንድ ክላፕተንን ተክቶ ገባ፤ በ1967 ፍሊትዉድ ማክ የተባለውን ባንድ አቋቋመ። «ኒድ ዩር ላቭ ሶ ባድ»ን ስትሰማ ጊታሩ ከዘፋኙ አፍ ላይ ቃል ተቀብሎ ሲያበቃ ዝም ይላል። ዝምታውን የሚያምነው ሰው ጥቂት ነው። ቢ ቢ ኪንግ ከልቡ ያደነቀው ነጭ ጊታሪስት እሱ ነበር።

ሄንድሪክስን ያወጣሁት ብሉዝ ስለማይችል አይደለም፤ «ሬድ ሃውስ» ብቻውን ያስመሰክርለታል። የለወጠው ግን ሌላ ነገር ነው። አምፑን፣ ፊድባኩን (የማጉያውን የመልስ ጩኸት)፣ ስቱዲዮውን፣ ኤሌክትሪክ ጊታር የሚባለውን ዕቃ ራሱን ለወጠ። እሱን በብሉዝ ሳጥን ውስጥ መክተት ወንዝን በእንስራ ለመለካት እንደመሞከር ነው። ከብሉዝ ታላላቅ ልጆች አንዱ ነው ብትል እስማማለሁ።

ጋሪ ሙር ላይ እንደምትቀየመኝ አውቃለሁ። እጁ ድንቅ ነው፤ ለፒተር ግሪን የነበረውም ፍቅር እውነተኛ ነው፤ የግሪንን ሌስ ፖል ገዝቶ ለዓመታት ተጫውቶበታል። በ1990 የወጣው «ስቲል ጋት ዘ ብሉዝ» ብዙ ሰው ወደዚህ ሙዚቃ አምጥቷል። የዘፈኑን ኮርዶች ግን ቁጠራቸው፤ ከዲ ማይነር ተነስተው በጂ፣ በሲ፣ በኤፍ እየዞሩ ወደ ኤ ማይነር ይመለሳሉ። ይህ የሚያምር የሮክ ባላድ ነው፤ ሦስት ኮርድ ላይ የቆመ ጥያቄና መልስ አይደለም። ሶሎውም ዘፈኑ ካለቀ በኋላ የሚመጣ ሌላ ትልቅ ዘፈን ነው። ከእሱ በኋላ የመጡት የብሉዝ ተጫዋቾችም በእሱ ቃል አይናገሩም። ቦናማሳ ከዚህ በበለጠ ብሉዝን በቅርብ ያውቃል፤ በ12 ዓመቱ ለቢ ቢ ኪንግ መድረክ ከፍቷል፤ የድሮዎቹን ጊታሮችና ሥራዎች የሚጠብቅ ሰው ነው። ጠባቂ ያስፈልገናል፤ አከብረዋለሁም። አዲስ ቃል ግን ገና አልሰማሁበትም።

በሚቀጥለው ስትገናኙ ከመከራከራችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉ። የሬጋሉን ቅጂ ክፈቱና «ስዊት ሊትል ኤንጅል»ን ስሙ። አንተ የዘፋኙን ስንኝ ጻፍ፤ የሚሲሲፒው ጓደኛህ ጊታሩ የሚገባበትን ባር ይቁጠር። ከዚያ ጊታሩን ለፍጥነት ወዳዱ ስጡት፤ ሁለተኛው ክር ላይ ከአሥራ ሁለተኛው ፍሬት ተነስቶ በሲና በሲ ሻርፕ መሃል ያለችውን ድምፅ ይፈልጋት፤ ሲያገኛት እዚያው አራት ምት ያቆያት።